ጣሪያ ሲቀየር ሶላሩን ማን ያውርደው? የአምስት መንገዶች ንጽጽር

ተራው የአስፋልት ሺንግል፣ ማለትም የጣሪያው ልባስ፣ ከ20 እስከ 30 ዓመት ይቆያል። የሶላር ፓኔሎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የ25 ዓመት ዋስትና ይዘው ይመጣሉ። ችግሩ ሁለቱ አብረው አለመጀመራቸው ነው። 12 ዓመት ባገለገለ ጣሪያ ላይ ፓኔል ያስገጠመ ሰው፣ ፓኔሉ ገና ግማሽ ዕድሜው ላይ ሳለ ሺንግሉ ይደርቅበታል፣ ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ጠጠሩም በአሸንዳው ይወርዳል። በዳላስ ወይም በኮሎራዶ አውሮራ የሚኖር ደግሞ ይህን ያህል መጠበቅ አያስፈልገውም፤ አንድ ከባድ በረዶ ይበቃዋል።

ከዚያ ስልኩ ይጀመራል። ጣሪያ ሠሪው «ፓኔሉን አስወርዱና እመጣለሁ» ይላል። ሶላሩን የገጠመው ድርጅት ወይ ስልክ አያነሳም፣ ወይ የሚጠራው ዋጋ ያስደነግጣል። ሦስተኛ ሰው መጥቶ በግማሽ ዋጋ እሠራለሁ ይላል። ዋጋዎቹ በጣም የሚራራቁት ሰዎቹ የሚሸጡት ሥራ አንድ ስላልሆነ ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት መለኪያውን እንያዝ።

ገንዘቡ የት ይሄዳል

በአሜሪካ ገበያ ይህ ሥራ የሚሰላው ባብዛኛው በፓኔል ቁጥር ነው። አንዱን ፓኔል አውርዶ መልሶ ለመግጠም ከ200 እስከ 500 ዶላር መጠየቅ የተለመደ ነው። 20 ፓኔል ላለው ቤት ከ4,000 እስከ 10,000 ዶላር ይመጣል ማለት ነው። ስምንት ፓኔል ብቻ ያለው ሰው ግን ዋጋውን በስምንት አባዝቶ ደስ አይበለው። ፐርሚቱ፣ ኤሌክትሪሻኑና ሁለቱ ጉዞዎች ለስምንትም ለሃያም ያው ስለሆኑ፣ ብዙ ድርጅቶች ከዚህ በታች አንሠራም የሚሉት ዝቅተኛ ሂሳብ አላቸው።

ዋጋውን ከፍ የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። አንደኛው የጣሪያው ቁልቁለት ነው። 12 ኢንች በአግድም ሲሄድ 8 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ የሚወጣ ጣሪያ ላይ ሰው በገመድ ታስሮ ስለሚሠራ ሥራው ይዘገያል። ሁለት ወይም ሦስት ፎቅ ከሆነም እንደዚያው፤ አንድ ፓኔል ከ18 እስከ 23 ኪሎ ይመዝናልና በመሰላል የሚወርድ ዕቃ አይደለም። የሸክላ ጣሪያ በሚረገጥበት ጊዜ ይሰበራል። ማይክሮ ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኃይል ቤቱ ወደሚጠቀምበት መብራት የሚቀይር፣ በየፓኔሉ የሚገጠም ትንሽ ዕቃ) ያለው ቤት በየፓኔሉ ስር የሚፈታና የሚመዘገብ ተጨማሪ ዕቃ አለው። ጎን ለጎን በተያያዙት የዋሽንግተን ዲሲ ቤቶች ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ደግሞ ፓኔሉ ብዙ ጊዜ በብሎን ሳይሆን በሲሚንቶ ብሎኬት ክብደት ነው የሚያዘው። ያ ሁሉ ብሎኬት ወርዶ ተመልሶ መውጣት አለበት፤ መንገዱ ጠባብ ከሆነ ክሬን መከራየትም ይመጣል።

ርካሽ በሚመስለው ዋጋ ውስጥ የማይገኙትን ደግሞ አንድ በአንድ ይጠይቁ፦ የፐርሚት ክፍያ፣ አዲስ የእግር ብሎንና ፍላሺንግ (ቀዳዳው ላይ ውሃ የሚከለክል ቆርቆሮ)፣ የሽኮኮ መከላከያ መረብ፣ ፓኔሎቹ የሚቀመጡበት ቦታ፣ ጣሪያ ሠሪው ቀን ቢያዛንፍ የሚጨመር የጉዞ ሂሳብ፣ መጨረሻ ላይ የክትትል አፑን መልሶ ማስነሳት። እነዚህ ተደምረው ርካሹን ከውዱ ጋር እኩል ሊያደርጉት ይችላሉ።

አምስት መለኪያዎች

የመጀመሪያውና ከሁሉም የሚበልጠው መለኪያ፦ *ቀዳዳው የማን ነው?* ሃያ ፓኔል የተሸከመ ሬይል (ፓኔሎቹ የሚታሰሩበት ሐዲድ) በጣሪያው ውስጥ ከ30 እስከ 50 ቦታ ላይ በብሎን ወደ ወራጁ እንጨት ይገባል። ከሁለት ዓመት በኋላ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ሲታይ፣ ጣሪያ ሠሪው «የሶላሩ ብሎን ነው» ይላል፣ የሶላሩ ሰው «ሺንግሉ ነው» ይላል። ያኔ ከኪሱ የሚያወጣው ባለቤቱ ነው። ለቀዳዳው ተጠያቂው ማን እንደሆነ በጽሑፍ የሰፈረበት ውድ ዋጋ፣ ያልሰፈረበትን ርካሽ ዋጋ ሁልጊዜ ይበልጠዋል።

ሁለተኛው ፈቃድ ነው። ፓኔል ማውረድ ሸክም ይመስላል እንጂ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። በሜሪላንድ ቤት የሚያድስ ኮንትራክተር የሜሪላንድ ሆም ኢምፕሩቭመንት ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ በቨርጂኒያ ፈቃዱን የሚሰጠው ዲፖር የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው፤ የሁለቱንም ድረ ገጽ ከፍቶ ቁጥሩን ማየት ይቻላል። ቴክሳስ ለጣሪያ ሠሪዎች የክፍለ ሀገር ፈቃድ የላትም። እዚያ የኤሌክትሪሻኑን ፈቃድና የኢንሹራንስ ወረቀቱን ማየት የበለጠ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የሥርዓቱ ቀሪ ዕድሜ፣ አራተኛው ባለቤትነቱ ነው፤ የራስዎ ነው፣ በብድር የተገዛ ነው ወይስ የሊዝ፣ ማለትም የተከራዩት? አምስተኛው ሶላሩ ጠፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ማውረዱ አንድ ቀን፣ መመለሱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈጃል። በመሃል ግን ጣሪያው፣ ፐርሚቱና ኢንስፔክሽኑ ሳምንታት ይወስዳሉ። በእነዚያ ሳምንታት የመብራት ሂሳቡ ሙሉ ነው። በዲሲና በሜሪላንድ ያለ ሰው የሚሸጠው የሶላር ክሬዲትም (ሶላሩ ላመረተው መብራት የሚሰጥ የምስክር ወረቀት) አብሮ ይቆማል፤ አንድ ክሬዲት የሚገኘው ለእያንዳንዱ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ምርት ነውና።

1. መጀመሪያ የገጠመውን ድርጅት መጥራት

ድርጅቱ ካለ የመጀመሪያው ጥሪ ለእርሱ ይሁን። የሽቦው ንድፍ በእጁ ነው፣ የክትትሉን አካውንት መክፈት ይችላል፣ የገጠመበትን ሬይል ዕቃ ያውቀዋል። ከሁሉም በላይ የሥራ ዋስትናው አይቋረጥም። ሌላ ሰው ከነካው «ዋስትናው ፈርሷል» የሚል አንቀጽ በብዙ ውሎች ውስጥ አለ፤ ውሉን አውጥቶ «ማንሳት» ወይም «ማዛወር» የሚለውን ክፍል ማንበብ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ጉድለቶቹ ሦስት ናቸው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሌላ አማራጭ እንደሌለዎት ያውቃልና። ቀጠሮውም ይርቃል፤ አዲስ መግጠም ከማንሳት የበለጠ ስለሚያተርፍ የእርስዎ ሥራ ወረፋው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ሦስተኛ ጉድለት የሚባለው ድርጅቱ ራሱ አለመኖሩ ነው። ሰንፓወር በነሐሴ 2024፣ ሰንኖቫ ደግሞ በሰኔ 2025 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የኪሳራ ክስ መዝገብ ከፍተዋል፤ ከነሱ ያነሱ ብዙ የአካባቢ ድርጅቶችም ሱቃቸውን ዘግተዋል። ይሁንና የገጣሚው መዘጋት የአምራቹን ዋስትና አያጠፋም። የፓኔሉና የኢንቨርተሩ ዋስትና ከፋብሪካው ጋር ነው፤ የጠፋው የሥራው ዋስትና ብቻ ነው።

2. ራሱን የቻለ የሶላር ጥገና ድርጅት

አዲስ ከመሸጥ ይልቅ በጥገናና በማንሳት ላይ የሚተዳደሩ ድርጅቶች እየበዙ ነው። ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ገጣሚ ይሻላል፤ ቀጠሮም ቶሎ ይሰጣሉ። የማያውቁትን ሥርዓት ስለሚከፍቱ ግን ጥሩዎቹን ከመጥፎዎቹ የሚለየው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ነው። ጥሩው ድርጅት ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የኢንቨርተሩን ሞዴል፣ የፓኔሉን ስም፣ የሬይሉን ፎቶና የዋናውን የመብራት ሰሌዳ ፎቶ ይጠይቃል። «ስንት ፓኔል ነው?» ብቻ ብሎ ዋጋ የሚጠራው በሥራው ቀን ተጨማሪ ሂሳብ ያመጣል።

የዚህ መንገድ ድክመት ኃላፊነቱ ለሁለት መከፈሉ ነው፤ ሺንግሉ የአንዱ፣ ብሎኑ የሌላው። መፍትሔው ፍላሺንግ የሚባለውን ቆርቆሮ ማን እንደሚያስገባ በሁለቱም ውሎች ላይ መጻፍ ነው። የሚሻለው አሠራር ጣሪያ ሠሪው ሥራውን ጨርሶ ሲያስረክብ የሶላሩ ሰው ቀዳዳውን ራሱ ቀድዶ ራሱ ማሸጉና፣ ለቀዳዳዎቹ ቢያንስ የአምስት ዓመት የፍሳሽ ዋስትና መጻፉ ነው።

3. ጣሪያውንም ሶላሩንም የሚሠራ አንድ ኮንትራክተር

የቀዳዳው ጥያቄ እዚህ በአንድ ፊርማ ያልቃል፤ ካፈሰሰ የሚደወልለት አንድ ሰው ነው። ቀጠሮም አይጋጭም፤ ሰኞ ይወርዳል፣ ማክሰኞና ረቡዕ ሺንግሉ ይቀየራል፣ ኢንስፔክተሩ እንዳለፈው ፓኔሉ ይመለሳል። ጊዜው ከሁሉም ያጥራል።

ነገር ግን «እኛው እንሠራዋለን» ከሚሉት ብዙዎቹ የሶላር ሠራተኛ የላቸውም። የተራ ቁጥር ሁለቱን ድርጅት ጠርተው በላዩ ትርፍ ይጨምሩበታል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ዋናው ኮንትራክተር ለሁሉም ከፈረመ የተጨመረው ገንዘብ የኃላፊነት ዋጋ ነው። ክፉው የሚሆነው ጣሪያ የሚሠሩት ልጆች ራሳቸው ሽቦውን መንቀል ሲጀምሩ ነው። «ፓኔሉን በእጁ የሚያወርደው የማን ሠራተኛ ነው? ኤሌክትሪሻኑ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱ ከተድበሰበሰ ወደሚቀጥለው ዋጋ ይሂዱ።

4. አውርዶ አለመመለስ፣ ወይም በአዲስ መተካት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስሌቱን በወረቀት እንየው።

ሜሪላንድ ውስጥ 20 ባለ 260 ዋት ፓኔሎች ያሉት ቤት አለ እንበል፤ በድምሩ 5.2 ኪሎዋት። በዚያ አካባቢ አንድ ኪሎዋት በዓመት 1,200 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሚያመርት ቤቱ ወደ 6,200 ያገኛል። በ18 ሳንቲም ሲባዛ በዓመት ወደ 1,100 ዶላር ነው። ማንሳትና መመለሱ በፓኔል 300 ዶላር ከሆነ 6,000 ዶላር ይወጣል፤ አምስት ዓመት ተኩል ውስጥ ይመለሳል። ፓኔሉ ገና 12 ወይም 15 ዓመት የሚሠራ ከሆነ መመለስ ያዋጣል።

አሁን ኢንቨርተሩን እንጨምር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው አንዱ ኢንቨርተር ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል። ያሁኑ 11 ዓመት ከሞላው በቅርቡ 2,500 ዶላር ይጠይቃል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው፤ ወጪው 8,500 ይሆናል፣ መመለሻውም ወደ ስምንት ዓመት ይጠጋል። አሁንም ያዋጣል፣ ግን እየጠበበ ነው። ፓኔሉ 20 ዓመት ካለፈው፣ አንዳንዱ ቢጫ ካወጣ ወይም ጀርባው ከተሰነጠቀ አያዋጣም።

በአዲስ መተካትስ? ያንኑ 5.2 ኪሎዋት በ13 ባለ 400 ዋት ፓኔሎች ማግኘት ይቻላል፤ በዋት 3 ዶላር ቢሰላ 15,600 ዶላር ነው። ቀድሞ ከዚህ ላይ 30 በመቶውን የፌዴራል መንግሥት በታክስ ይመልስ ነበር። በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ግን ለቤት ባለቤቶች ይሰጥ የነበረውን ይህን ክሬዲት ከታኅሣሥ 31 ቀን 2025 በኋላ ለሚወጣ ወጪ አቁሞታል። «መንግሥት 30 በመቶ ይከፍልልዎታል» የሚል ሻጭ ዛሬም በር ቢያንኳኳ፣ ወይ አያውቅም ወይ እያወቀ ነው። ክሬዲቱ በሌለበት የአዲሱ መመለሻ ወደ 14 ዓመት ይሄዳል። ስለዚህ አሮጌው ደህና ከሆነ መመለሱ ከበፊቱ ይልቅ አሁን የበለጠ ያዋጣል።

ለካሊፎርኒያ ነዋሪዎች ሌላ ወጥመድ አለ። ማመልከቻቸው ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 በፊት የገባ ሰዎች በቀድሞው የተሻለ የመብራት ሂሳብ አሠራር ለ20 ዓመት ይቆያሉ። አሮጌውን በትልቅ ከተኩትና አቅሙ ከ10 በመቶ ወይም ከ1 ኪሎዋት፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው፣ በላይ ካደገ ግን ያ መብት ሊጠፋ ይችላል። እዚያ ያለ ሰው «በዚሁ ዋጋ ጨምሬ ልግጠምልህ» ሲባል ቆም ማለት አለበት።

ጨርሶ ማውረድ ዋጋው ከሙሉው ሥራ ግማሽ ገደማ ነው። በብድር የተገዛ ከሆነ ግን ፓኔሉ ጋራዥ ውስጥ ቢተኛም ብድሩ በየወሩ ይከፈላል።

5. ፓኔሉን ሳይነኩ ዙሪያውን ብቻ መቀየር

ከፓኔሉ ስር ያለው ሺንግል ጥላ ስላለው ከሌላው ቀስ ብሎ ያረጃል፤ ይህ እውነት ነው። ከዚህ ተነስቶ «ዙሪያውን ብቻ ልቀይርልህ፣ የማንሻውን 6,000 ታተርፋለህ» የሚል ጣሪያ ሠሪ አይጠፋም። ትርፉ የሚበላው አዲሱና አሮጌው ሺንግል በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው፤ ሙሉ ጣሪያ አንድ ላይ ካልተቀየረም የዋስትናው ነገር ይወሳሰባል። ከአምስት ዓመት በኋላ ከስሩ ያለው ሲያልቅ፣ ያልተከፈለው 6,000 ጨምሮ ይመጣል፤ ጣሪያ ሠሪው ለትንሽ ሥራ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሂሳብም ከላዩ ይደረባል።

ይህ መንገድ የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። ፓኔል ያለው በደቡቡ ገጽ ላይ ብቻ ከሆነና የተበላሸው የሰሜኑ ገጽ ብቻ ከሆነ፣ ሰሜኑን ለይቶ መቀየር ምንም ነውር የለውም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ካፈሰሰም አራት ወይም ስድስት ፓኔል አንስቶ ጠግኖ መመለስ ይቻላል።

ጠቅለል ያለ ሠንጠረዥ

| መንገድ | ዋጋ | ካፈሰሰ ተጠያቂው | ፍጥነት | የሚስማማው ለማን |
|---|---|---|---|---|
| የመጀመሪያው ገጣሚ | ከፍ ያለ | የሥራ ዋስትናው ይቀጥላል፤ ሺንግሉ የጣሪያ ሠሪው | ቀርፋፋ | ዋስትናው ገና ላለው፣ ለሊዝ |
| የሶላር ጥገና ድርጅት | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ለሁለት የተከፈለ፤ በውል መለየት አለበት | መካከለኛ | ገጣሚው ለተዘጋበት |
| ሁሉን የሚሠራ ኮንትራክተር | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | አንድ ሰው | ፈጣን | ለኢንሹራንስ ሥራ፣ ጊዜ ለሌለው |
| ማውረድ ብቻ | ከሙሉው ግማሽ ገደማ | ጣሪያ ሠሪው | ፈጣን | ከ20 ዓመት በላይ ለሆነ ሥርዓት |
| በአዲስ መተካት | በጣም ከፍተኛ | አዲሱ ገጣሚ | ቀርፋፋ | አሮጌው ለሞተ፣ ረጅም ዓመት ለሚኖር |
| ዙሪያውን መቀየር | ዛሬ ርካሽ፣ ነገ ውድ | ግልጽ አይደለም | ፈጣን | አንድ ገጽ ብቻ ለተጎዳ |

ሊዝ ከሆነ

ፓኔሉ የእርስዎ አይደለም፤ ከላይ ካሉት አማራጮች የሚቀርልዎት የመጀመሪያው ብቻ ነው። በሌላ ሰው ማስነሳት ውል መጣስ ነው። የሊዝ ውሉ ውስጥ ለጣሪያ ጥገና ማንሳት ስንት እንደሚያስከፍልና ስንት ቀን አስቀድሞ መነገር እንዳለበት ተጽፏል። ድርጅቱ ከስሮ ከሆነ ውሉ ለሌላ ተላልፎ ይሆናል፤ በየወሩ ገንዘቡን አሁን የሚቀበለው ማን እንደሆነ የባንክ ወረቀት ላይ ይታያልና ደብዳቤው ወደዚያ ይጻፍ። በስልክ የተባለ ነገር እንዳልተባለ ይቆጠር፤ ጥያቄው በኢሜይል ይሁን። ወራት ሊወስድ ስለሚችል ጣሪያው ማፍሰስ ሳይጀምር ይጀመር።

ኢንሹራንስ የሚከፍለው መቼ ነው

በረዶ፣ ንፋስ ወይም የወደቀ ዛፍ ጣሪያውን ከጎዳው የቤት ኢንሹራንስ ጣሪያውን ሲከፍል ፓኔሉን የማንሳትና የመመለስ ወጪም ብዙ ጊዜ ይከፍላል። በእርጅና ላለቀ ጣሪያ ግን አንዱንም አይከፍልም። የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች (አድጀስተሩ) በሚጽፈው ግምት ውስጥ «ሶላር ማንሳትና መልሶ ማስቀመጥ» የሚል ራሱን የቻለ መስመር፣ ከነፓኔሉ ቁጥር፣ መኖሩን ይዩ። ከሌለ የሶላሩን ድርጅት ዋጋ በጽሑፍ አያይዞ ተጨማሪ እንዲጸድቅ መጠየቅ ይቻላል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቢሆን ግን ክርክሩ ይቀላል።

በቴክሳስ የንፋስና የበረዶ ዲደክቲብል ብዙ ጊዜ በመቶኛ ነው። 400,000 ዶላር ተገምቶ 2 በመቶ የሆነበት ቤት መጀመሪያ 8,000 ከኪሱ ይከፍላል። «ዲደክቲብሉን እኔ እችልልሃለሁ» የሚል ጣሪያ ሠሪ ካለ፣ ከ2019 ጀምሮ በቴክሳስ ይህ ሕገ ወጥ ነው። በር አንኳኩቶ ቤት ውስጥ ያስፈረመ ሻጭ ላይ ደግሞ በፌዴራል ደንብ መሠረት በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ውሉን መሰረዝ ይቻላል።

ሥራው የሚበላሽበት ቦታ

ከመወረዱ በፊት ማንም ሳይጠይቅዎት ይህን ያድርጉ፦ ያለፈውን ዓመት የየወሩን ምርት ከአፑ ላይ ፎቶ አንሱ፤ የእያንዳንዱን ፓኔል ሁኔታ ከላይ ፎቶ አስነሱ፤ አቲክ ውስጥ ገብታችሁ የወራጁን እንጨት ፎቶ ያዙ። በኋላ «ይህ ስንጥቅ ቀድሞም ነበር» ሲባል የሚናገርልዎት ፎቶው ነው።

አጥፊው ስህተት ሽቦው ኃይል እየተሸከመ ማያያዣውን መንቀል ነው። ፓኔል ብርሃን እስካየ ድረስ ያመነጫል፤ ብሬከር ስለተዘጋ ጣሪያው ላይ ያለው ሽቦ ባዶ ይሆናል ማለት አይደለም። በአንድ መስመር የተያያዙ ፓኔሎች በቤት ሥርዓት እስከ 600 ቮልት ሊደርሱ ይችላሉ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ኢንቨርተሩን ማጥፋት፣ ከዚያ ወደ መብራት ኃይል የሚሄደውን ማቋረጫ፣ ከዚያ የፓኔሉን በኩል መዝጋት፣ በመለኪያ ማረጋገጥና ከዚያ ብቻ መንቀል ነው።

ሁለተኛው የማያያዣው ዓይነት ነው። ኤምሲ ፎር የሚባለው ማያያዣ ከተለያየ ፋብሪካ የመጣውም እርስ በርሱ ይገጥማል፤ «ቀጭ» ብሎ ይዘጋል። የውስጡ ብረት ግን ልኩ ስለሚለያይ ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ አንዳንዴም እሳት ይነሳል። የተሰበረ ማያያዣ ሲቀየር ወንዱም ሴቱም ከአንድ ፋብሪካ መሆን አለባቸው።

ፓኔልን ከሬይሉ ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኙት ጥርስ ያላቸው ትንንሽ የመሬት ማስተላለፊያ ብረቶች አብዛኞቹ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠሩ ናቸው። መልሰው የሚጠቀሙባቸው ርካሽ ሠራተኞች ናቸው፤ ጥርሱ ያለቀ ብረት የአሉሚኒየሙን ልባስ አይበሳምና ሥርዓቱ ያለ መሬት ይቀራል። ዓይን አያየውም፣ አፑም አይናገርም።

ስለ ብሎኑ። የድሮው ቀዳዳ ዳግም አይገባበትም፤ እንጨቱ ላልቷል። አዲሱ ብሎን ወራጁ እንጨት መሃል መግባት አለበት። ወራጆቹ በየ16 ወይም በየ24 ኢንቹ ናቸውና አንዱን ከሳቱት ብሎኑ ቀጭኑን ጣውላ ብቻ ይዞ ይቀራል። ንፋስ ሲመጣ ይነቀላል፣ ዝናብም በዚያ ይገባል። አቲክ ውስጥ ገብቶ ማየት ቀላል ነው፤ ጫፉ ባዶ አየር ላይ ብልጭ የሚል ብሎን ስቶ የገባ ነው። የፍላሺንጉ ቆርቆሮ የላይኛው ጠርዝ ከሺንግሉ ስር ይገባል፤ ከላይ ተቀምጦ በማሸጊያ የተቀባ ከሆነ ማሸጊያው በፀሐይ ይሰነጠቃል።

ፓኔሎቹ ወርደው የሚቆዩበትም ቦታ ነገር አለው። በጠርዛቸው ቆመው፣ በመካከላቸው ካርቶን ገብቶ፣ በእንጨት ፓሌት ላይ መታሰር አለባቸው። መስታወቱ ወደ መሬት ተደፍቶ ሣር ላይ የተቀመጠ ፓኔል አንድ ጠጠር ይበቃዋል። የተረገጠ ፓኔል ደግሞ ከላይ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይይዝና ምርቱ እየቀነሰ ይሄዳል። አንዱ ቢሰበር የሚተካው ያንኑ ሞዴል ማግኘት ስለሚከብድ፣ ልኩ፣ ቮልቴጁና አምፔሩ የሚቀራረብ ያገለገለ ፓኔል ይፈለጋል። የሰበረው የራሱ ገንዘብ እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይሁን።

አሮጌ ሥርዓት ላይ ኢንስፔክተሩ ሌላ ሊጨምር ይችላል። ከ2017 የኤሌክትሪክ ደንብ ወዲህ ጣሪያ ላይ ያለው ቮልቴጅ በአደጋ ጊዜ በፓኔሉ ደረጃ እንዲወርድ ይጠየቃል። ከዚያ በፊት የተገጠመ ግድግዳ ላይ ኢንቨርተር ያለው ቤት «ሲመለስ ያሟላ» ሊባል ይችላል፤ አንዳንዱ ካውንቲ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ እንደነበረው ያሳልፋል። ለፐርሚት ቢሮው አስቀድሞ መደወል ከ2,000 ዶላር ድንጋጤ ያድናል።

መቼ ይሠራ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ጊዜ ይመረጣል። በጣም ሲቀዘቅዝ ሺንግሉ ሙጫው አይያያዝም፤ በሰኔ ደግሞ ሶላሩ ከታኅሣሥ እጥፍ ገደማ ስለሚያመርት ስድስት ሳምንት ማጥፋት ያስቆጫል።

ክፍያና ርክክብ

በሜሪላንድ ኮንትራክተር ሲፈረም ከጠቅላላው ሲሶ (አንድ ሦስተኛ) በላይ መቀበል አይፈቀድለትም፤ ሌላ ቦታ ላሉም ጥሩ ልክ ነው። ሁለተኛው ሲሶ ፓኔሉ በደህና ወርዶ ሲቆጠር፣ የመጨረሻው ደግሞ ኢንስፔክሽኑ አልፎ አፑ ላይ እያንዳንዱ ፓኔል ሲታይ ይከፈል። «በርቷል» ማለት አይበቃም። ከ20ው አንዱ ያልተሰካ ማይክሮ ኢንቨርተር ካለ ጠቅላላው ቁጥር 5 በመቶ ብቻ ስለሚቀንስ ለወራት ሳይታወቅ ይቀራል። የዋይፋይ ስም ወይም የይለፍ ቃል ተቀይሮ ከሆነ ሠራተኛው ከመሄዱ በፊት መልሶ ያገናኝ። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ደግሞ በባትሪ መብራት አቲክ ውስጥ ይግቡና ከብሎኖቹ አጠገብ ያለውን እንጨት በእጅ ይንኩ። እርጥብ ከሆነ ዕለቱን ፎቶ አንስተው ለኮንትራክተሩ በኢሜይል ይላኩ።